ግብጦ ለኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ይሆናል?

መምህር፣ ሜጫ፦ የመጽሐፋችን የመሟሟት ምሳሌ ሁሉ ስኳርና ጨው ነው። እዚህ እናቶች ግብጦ ቆልተው፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ለቀናት ዘፍዝፈው ምሬቱን ያስለቅቃሉ። ትምህርቱን ራሳቸው ቢመሩልኝስ? ርእሰ መምህሩ «ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የለም» ይላሉ።

መልስ፣ ባሕር ዳር፦ መራራው አልካሎይድ የሚባል የተክል ውህድ ነው፣ በውሃ ይሟሟል። ውሃው ለምን ወራጅ እንደሆነ ተማሪዎቹን ይጠይቁ። ግን አያቅምሷቸው፤ ምሬቱ ያልወጣ ግብጦ ይመርዛል።

መልስ፣ ዳንግላ፦ እናቶቹን ክፍል አይጥሩ፣ ተማሪዎቹን ወንዝ ይውሰዱ። እናቴ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ብትቆም አንደበቷ ይታሰራል፤ ወንዝ ዳር ግን ማን ይችላታል! ሲመለሱ ማሳ ገብታችሁ ሥሩን ንቀሉ፤ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙት ባክቴሪያዎች ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ ናቸው። አባቴ የደከመ መሬት ላይ ግብጦ የሚዘራው ለዚሁ ነው።

መምህር፣ ሜጫ፦ ወንዙ ተስማምቶኛል። አበል ግን ይከፈላቸው፤ እኛ ሥልጠና ስንሄድ ይከፈለን የለም እንዴ?