የሴስና አውሮፕላናችን ወለል ላይ ላለው ቀዳዳ ሰነድ አጣሁ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭ ከላይ ፎቶ የምናነሳባት ሴስና 172 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን አለችን። ያገለገለች ናት፤ ከአሜሪካ ነው የተገዛችው። የቀድሞ ባለቤቷ ለካሜራ ብሎ ወለሏን በስቶታል። እውነቱን ለመናገር ሥራው ንጹሕ ነው። ዙሪያው በተጨማሪ ላሜራ ተጠናክሯል፤ ላሜራውን የሚይዙትን ሪቬቶች አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኩ፣ አንዱም አልላላም። የጥገና መዝገቧ (ሎግ ቡኩ) ላይ ግን «ካሜራ ተገጠመ» ከምትል መስመር በቀር ምንም የለም።

አሁን ለመብረር ብቁ መሆኗን የሚያረጋግጠው የአየር ብቁነት ሰርተፍኬቷ ሊታደስ ነው። ቀዳዳው የአካሏን መዋቅር ስለሚነካ የጸደቀ የዲዛይን ሰነድ ያስፈልጋል፤ የክብደትና ሚዛን ስሌትም እንደዚያው። ሻጩ ስልክ አያነሳም።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ለትልልቅ ማሻሻያዎች የሚሞላውን ፎርም 337 ኦክላሆማ ሲቲ ባለው መዝገቡ ያስቀምጣል። በሴሪያል ቁጥሯ ጠይቄ እየጠበቅኩ ነው። እዚያም ባይገኝስ? ወለሉን ልድፈነው ብልም እሱም ራሱ ሰነድ የሚፈልግ ጥገና ነው።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አቅርባችሁ የጨረሳችሁ ካላችሁ፣ ከየት ጀመራችሁ? የዲዛይን ስሌቱንስ ማን ሠራላችሁ? ወረቀቷ ሳይሟላ አላስነሳትም፤ እምቦጩ ግን አይጠብቀንም።