ሜሪላንድ፦ የሴናተሩ ነገር የሚያልቀው ኖቬምበር ላይ ሳይሆን ፕራይመሪ ላይ ነው

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ወገኖች። እዚህ ሜሪላንድ ወንበር ላይ ያለ ሴናተር ድጋሚ ሲወዳደር ማሸነፉ አይቀርም ከተባለ ድምፅ መስጠቱ ምን ይጠቅማል? አዲስ ሲቲዝን ሲመዘገብስ ፓርቲ የሚጠይቀው ቦታ ላይ ምን ይሙላ?

መልስ፣ ከጀርመንታውን፦

የኖቬምበሩ ነገር እውነትም ብዙ አያጠያይቅም። ሜሪላንድ ሪፐብሊካን ሴናተር ለመጨረሻ ጊዜ የመረጠችው በ1980 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ዴሞክራቶቹ ቤን ካርደን በ2018 ወደ 65 በመቶ፣ ክሪስ ቫን ሆለን በ2022 ወደ 66 በመቶ አግኝተው ተመልሰዋል። በ2024 የቀድሞው ሪፐብሊካን ገዢ ላሪ ሆገን ያን ያህል ታዋቂ ሆነው፣ ያውም ክፍት ወንበር ላይ፣ በ12 ነጥብ ገደማ ተበልጠዋል።

ፉክክሩ ያለው ፕራይመሪው (ፓርቲ ለኖቬምበር ዕጩውን የሚለይበት ምርጫ) ላይ ነው፤ በተለይ ወንበር ሲለቀቅ። በ2006 ፖል ሳርቤንስ ከ30 ዓመት በኋላ ሲወጡ ካርደን ክዋይሲ ምፉሜን ያሸነፉት 44 ለ41 ገደማ በሆነ ውጤት ነበር። 50 በመቶ መሙላት አይጠበቅም፣ ሁለተኛ ዙርም የለም፤ የበለጠ ያገኘ ይወስዳል። በዚያች ጠባብ ልዩነት የገቡት ሰው 18 ዓመት ቆዩ። ከገቡ በኋላ ማስወጣት ከባድ ነው፦ በ2018 ፕራይመሪ 80 በመቶ ገደማ የወሰዱት እሳቸው ነበሩ። በ2017 ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የውሳኔ ሐሳብ ለሴኔት ያቀረቡትም እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ማን እንደሚገባ ለእኛም ግድ ይላል።

አሁን ወደ ፓርቲው ጥያቄ። እኛ ዘንድ «የፓርቲ አባል» ሲባል መዋጮ፣ ስብሰባና ግምገማ ነው ትዝ የሚለን። ብዙ ሰው በዚህ ፍራቻ «ከየትኛውም ፓርቲ አይደለሁም» የሚለውን ምልክት አድርጎ ይወጣል። እዚህ ግን መታወቂያ የለ፣ መዋጮ የለ፤ ቅጹ ላይ ያለች አንዲት ምልክት ናት። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ዝግ ስለሆነ ያቺ ምልክት ከሌለች የሴናተር ዕጩ የሚለይበትን ወረቀት አያገኙም፤ የሚደርስዎት እንደ ትምህርት ቦርድ ያለ ፓርቲ የማይጠየቅበት ምርጫ ብቻ ነው።

የጊዜ ገደቡ ላይ ሰው ይሳሳታል። ጭራሽ ያልተመዘገበ ሰው ቀደም ብሎ ድምፅ በሚሰጥባቸው ቀናትም ሆነ በምርጫው ዕለት የአድራሻ ማስረጃ ይዞ ሄዶ፣ እዚያው ተመዝግቦና ፓርቲ መርጦ መምረጥ ይችላል። ቀድሞ የተመዘገበ ግን ፓርቲ መቀየር የሚችለው ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት ድረስ ብቻ ነው። ቀኑ ራሱም አይጨበጥም፦ በ2022 ከጁን 28 ወደ ጁላይ 19 ተገፋ፣ በ2024 ደግሞ ሜይ 14 ነበር።

ተጨማሪ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አንድ ነገር ልጨምር፦ የመዘገቡት ፓርቲ ምስጢር አይደለም፤ ዝርዝሩን ሜሪላንድ የተመዘገበ መራጭ ከፍሎ መውሰድ ይችላል። ማንን እንደመረጡ ግን ማንም አያይም።

በፖስታ ለሚመርጡ፦ የመሐላው ቦታ ላይ መፈረም አይርሳ፤ ወረቀት ውድቅ ከሚያስደርጉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። የፖስታ ቤቱ ማህተም የምርጫው ዕለት ወይም ከዚያ በፊት የተመታ መሆን አለበት። ማታ የፖስታ ሣጥን ውስጥ የተጣለ ፖስታ በማግስቱ ማህተም ሊመታበት ስለሚችል በዕለቱ ከሆነ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት (8 ፒኤም) ወደ ምርጫ ቦርዱ ሣጥን ውሰዱት። አፓርታማ ስትቀይሩ አድራሻ አስተካክሉ፤ ፖስታ ቤት የምርጫ ወረቀትን እንደ ሌላ ደብዳቤ ወደ አዲሱ ቤት አያስተላልፍም። ወረቀት በፖስታ ጠይቃችሁ ሐሳብ ቀይራችሁ በአካል ብትሄዱ የሚሰጣችሁ ጊዜያዊ ወረቀት ነው፤ የሚቆጠረው በፖስታ አለመምረጣችሁ ከተጣራ በኋላ ነው።

እንግሊዝኛ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች፦ የፌዴራል ሕግ የፈለጉትን ሰው ይዘው እንዲገቡ ይፈቅዳል። ልጅም ጎረቤትም ይሆናል፤ የማይሆነው አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ ነው።

ጥያቄ፣ ከሃያትስቪል፦

ግሪን ካርድ ያለንስ?

መልስ፣ ከጀርመንታውን፦

ለሴናተር በፍጹም አትምረጡ፣ አትመዝገቡም። ኤምቪኤ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የመራጭ ምዝገባ ገጹ ሲመጣ ሳታነቡ አትለፉት። ለዜግነት የሚሞላው ኤን 400 ተመዝግባችሁ ወይም መርጣችሁ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቃል፤ መልሱ አዎ ከሆነ እስከ ዲፖርት ሊያደርስ ይችላል። ታኮማ ፓርክ ከተማ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ለከተማው ምክር ቤት እንዲመርጥ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ትፈቅዳለች፤ ይህ ግን ከከተማዋ ወሰን አይወጣም።

ገንዘብ መስጠት ሌላ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ለፌዴራል ዕጩ መለገስ ይችላል፤ ጣሪያው በ2025–26 ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ 3,500 ዶላር ነው፣ ፕራይመሪና ኖቬምበር ለየብቻ ይቆጠራሉ። በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው አንድ ዶላር መስጠት አይችልም፤ ያለ ክፍያ በራሱ ጊዜ በር ማንኳኳትና ስልክ መደወል ግን ይችላል።

የአዲስ አበባ ቪዛ ወይም የኢሚግሬሽን ጉዳይ ለዘገየባችሁ ደግሞ የሴናተሩ ቢሮ መረጣችሁም አልመረጣችሁም ይቀበላችኋል። የግል መረጃ መልቀቂያ ቅጹን ፈርማችሁ የኬዝ ቁጥሩን አያይዙ። ቢሮው ይጠይቅላችኋል እንጂ አያዝም።