ክርክር፦ የቤት ውስጥ ሥራ የማን ነው?

የጠባሴ ልጅ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ወገኖች። ባልና ሚስት ሁለቱም ሠርተው ከገቡ እንጀራ መጋገሩን፣ ሕፃን ማጠቡንና ሌሊት መነሳቱን ማን ይያዝ? እኔ እኩል ይሁን ባይ ነኝ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ የዋለች ሴት ማታ ቤቷ ሌላ ፈረቃ ይጠብቃታል። ደመወዝ የለውም።

የመንዝ ልጅ፦ እህቴ፣ ገጠር ወንዱም አልተኛም። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። ሥራ ተከፋፍለን ነው የኖርነው። እናቴ ተበደልኩ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

የጣርማበር እናት፦ ወንድሜ፣ ጠይቀሃት ታውቃለህ? እርሻ ወቅት አለው። በበዓል ቀን በሬ አይጠመድም። እሳት ግን በሚካኤልም በገብርኤልም ይነዳል፣ እንዲያውም ያን ቀን ይብሳል። የሚነደውስ ምንድን ነው? ደጋ ላይ ኩበት ነው። በዚያ ውርጭ እበቱን በባዶ እጇ ዝቃ፣ ጠፍጥፋ፣ አገላብጣ አድርቃ የከመረችው ሴት ናት። ገበያ ሲወጣ በብር ይሸጣል። ቤት ሲነድ ግን ሥራ አይባልም። የአገርህን ባና፣ ያን የሱፍ ብርድ ልብስ እንኳ እይ። የበግ ጠጉሩን የምትፈትለው ሴት፣ የሚሸምነው ወንድ። የሸማኔው ዋጋ ይታወቃል፤ የፈታይዋስ?

የመንዝ ልጅ፦ የባናው እውነት ነው። ልጅ ግን የእናቱን ጡትና እቅፍ ነው የሚፈልገው። ይሄን ማን ይቀይረዋል?

ጡረተኛ መምህር (አንኮበር)፦ ልጆቼ፣ ማጥባት የእናት ነው። ማጠብ፣ ማዘል፣ ማስተኛት ግን ጡት አይጠይቅም። ሕጉም አባትን ዳር አቁሞታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን! በ3 ቀን ሕፃን አቅፎ መያዝ እንኳ አይለመድም። ድሮ አራሷን የምታርሳት እናቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቷ ነበረች። ዛሬ ከመንዝ፣ ከሞላሌ መጥታ ደብረ ብርሃን አንዲት ክፍል የተከራየች ልጅ ከባሏ ሌላ ማን አላት?

ነጋዴ (ሸዋ ሮቢት)፦ ጋሼ፣ ሠራተኛ ይቀጠራላ።

የጣርማበር እናት፦ ማንን? ያው የገጠር ልጅ ናት የምትመጣው፣ ብዙ ጊዜ ትምህርቷን አቋርጣ። ጋሼ የጠቀሱት አዋጅ እሷን አይሸፍናትም። ሸክሙን ከአንዷ ሴት ጀርባ አውርዶ ሌላዋ ላይ መጫን መፍትሔ አይሆንም። የእኔ ወንዶች ልጆች ሊጥ ያቦካሉ፣ ወጥ ይሠራሉ። ሰፈሩ አውርቶ አውርቶ ተወ።

የመንዝ ልጅ፦ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። እኔ ግን እኩል በሚለው አልስማማም፤ አራሽ ማታ ደክሞ ነው የሚገባው። የአባት ፈቃድ ይጨመር ካላችሁ ግን አብሬ እፈርማለሁ። የእናት 90 ቀን እንዳይነካ ብቻ።

የጠባሴ ልጅ፦ አይነካም። የአባት ስንት ይሁን? እኔ 30 ብያለሁ።

ነጋዴ፦ ሦስት ሠራተኛ ያለው ሱቅ 30 ቀን አይችልም። 10 በሉ።