ቶሎ በሉ፦ ውሃ ፈሰሳት፣ ምጥ የለም፣ ካርዱ ደግሞ አልገባኝም (ድሬዳዋ)

የሳቢያን ልጅ | ሐምሌ 8፣ ሌሊት 8፡10
ባለቤቴ ተኝታ ሳለ ድንገት ፍራሹ ራሰ። ቁርጠት የላትም። አማቴ «ምጥ ሳይመጣ የምን ሐኪም ቤት ነው፣ ሽንት ነው፣ ተኚ» ይሏታል። የክትትል ካርዷ ላይ «ጂ2 ፒ1፣ ሴፋሊክ፣ ኤፍኤችቢ 142፣ ኢዲዲ 29/7» ተጽፏል። መጋቢት 29 ካለፈ እኮ ሦስት ወር አልፎታል! ልጁ ቀኑ አልፎበታል ማለት ነው?

ለገሃር 05 | 8፡12
907 ደውል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።

ሲስተር ዘ | 8፡15
የፈሰሰው ቀለሙ ምን ይመስላል? ልጁ ይንቀሳቀሳል? የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ ነበር? ዋናውን ትተህ ካርድ ታስነብበናለህ።
ሽንት ከሆነ ይሸታል፣ ያቆማል። የሽርት ውሃ ግን ስትነሳ፣ ስታስል እንደገና ይወርዳል፤ ልያዘው ብትል አይያዝላትም። ሽንቷን ትሽና፣ ንጹሕ ሞዴስ ታድርግ፣ ትንሽ ተጋድማ ትነሳ፤ ሞዴሱ ከራሰ እሱ ነው። ፍራሽ ካራሰ ግን ይህንንም አትጠብቁ፣ ሂዱ። የጀመረበትን ሰዓት ጻፍ፣ እዚያ ስትደርስ መጀመሪያ የምትጠየቀው እሱን ነው። የሽርት ውሃው ያለበት ከረጢት አንዴ ከተቀደደ ጀርም የሚከለክል የለም፤ በቆየ ቁጥር ለእሷም ለልጁም የኢንፌክሽን አደጋ ይጨምራል። ጣት ማስገባት፣ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይሆንም።
አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ልጁ እዚያው ካካ ብሏል፣ ደቂቃ አታባክኑ። እትብት ወጥቶ ከታየ ደግሞ ተንበርክካ ደረቷን ፍራሹ ላይ ትድፋ፣ ዳሌዋ ከፍ ይበል፤ እትብቱን አትነካኩ።

ሀሩር | 8፡17
እማማንም አትንቋቸው። በዚህ ሙቀት ውሃ ያልጠጣች ነፍሰ ጡር ሆዷ ጠጠር ይላል፣ ምጥ ይመስላል። ጠጥታ፣ ጎኗን ቀይራ ስትተኛ የሚጠፋ ከሆነ የውሸት ምጥ ነው። እውነተኛው እየተቀራረበና እየበረታ ይሄዳል።

ሲስተር ዘ | 8፡18
ልክ ነህ፣ ግን የተጠየቀው ሌላ ነው። ቁርጠት የለም፣ ውሃ አለ። ምጥ ሳይጀምር ውሃ ሊፈስ ይችላል።

የሳቢያን ልጅ | 8፡21
ቀለም የለውም፣ ይንቀሳቀሳል። የመጨረሻዋ ጥቅምት 12።

ቀን ቆጣሪ | 8፡25
ኢዲዲ ትወልዳለች ተብሎ የሚጠበቅበት ቀን ነው። 29/7 የፈረንጅ ቀን ነው፣ ጁላይ 29፤ በእኛ ሐምሌ 22። ራስህ ቁጠረው፦ በመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ጨምር፣ 280 ቀን ይሞላል። ጥቅምት 12፣ ሐምሌ 12፣ ሐምሌ 22። መሀል ላይ ጳጉሜ ከገባች 9 ወር ከ5 ቀን ነው። ዛሬ ልክ 38 ሳምንቷ ነው፤ አላለፈባትም፣ ያለ ቀኑም አልመጣም።
ጂ2 ሁለተኛ እርግዝናዋ ማለት ነው፤ የወረደም ካለ እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ፒ1 ከ28 ሳምንት በኋላ አንዴ ወልዳለች ነው፤ መንታ ቢሆኑም ያው ፒ1። ሴፋሊክ ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው፣ ደስ ይበልህ። ኤፍኤችቢ የጽንሱ የልብ ምት ነው፤ ከ110 እስከ 160 ደህና ነው።

ቀፊራ ማዶ | 8፡26
አቦ ሰውዬውን ፈተና ልታስቀምጡት ነው እንዴ? ባጃጅ ይጥራ!

ለገሃር 05 | 8፡26
907 ብያለሁ።

ሲስተር ዘ | 8፡28
ጂ2 ፒ1 ከሆነችማ ምጡ አንዴ ከያዛት ከፊተኛው ሊፈጥን ስለሚችል መንገድ ላይ እንዳይዛት። ካርዱን እንዳትረሳ፣ የደም ዓይነቷ እሱ ላይ ነው። ዝናብ ካለ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ላቋርጥ ብለህ አትሞክር፣ በድልድዩ ዙር። እዚያ «3 ሳንቲ ናት» ቢሉህ የማኅፀን በር ስፋት ነው፤ ግፊ የምትባለው 10 ሲሞላ ነው። ምጡ ከዘገየ በግሉኮስ የሚንጠባጠብ የምጥ መድኃኒት ሊያስገቡላት ይችላሉ፣ አትደንግጥ፣ ኦፕራሲዮን ማለት አይደለም።

የሳቢያን ልጅ | 8፡31
ባጃጁ በር ላይ ነው። አማቴም አብረው ይመጣሉ፣ አሁንም ሽንት ነው እያሉ።

ቀፊራ ማዶ | 8፡32
ባጃጁ ወንበር ላይ ፌስታል አንጥፍ፣ ሽንትም ይሁን ሽርት።

ሀሩር | 8፡40
ቀን ቆጣሪ፣ ጳጉሜ 6 የምትሆንበት ዓመት ከሆነስ?

ቀን ቆጣሪ | 8፡41
9 ወር ከ4 ቀን።