በትእዛዝ የወጣና በራሱ ፈርቶ የሸሸ እኩል ይረዳ ወይ?

ከደብረ ማርቆስ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። መንግሥት ከሩሲያ ጋር ስለ ኒውክሌር ማመንጫ መነጋገር ከጀመረ ወዲህ ወሬያችን ሁሉ ስለ መብራቱ ሆኗል። እኔ ስለ ሰዉ ልጠይቅ። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጃፓን ፉኩሺማ ላይ ሱናሚ የሚባለው የባሕር ማዕበል የኒውክሌር ማመንጫውን መትቶ አደጋ ሲደርስ፣ ቤቱን ጥሎ የወጣው ሰው ከ160 ሺህ በላይ ደርሷል። ገሚሱን መንግሥት "ውጡ" ብሎ አስወጣው፤ ገሚሱ ግን ቤቱ ከተከለለው ቀጠና ውጭ ቢሆንም ለልጆቹ ሰግቶ ወጣ። በትእዛዝ ለወጡት የማመንጫው ባለቤት ኩባንያ ለነፍስ ወከፍ በወር 100 ሺህ የን የሞራል ካሳ ሲከፍል፣ በራሳቸው የወጡት ያገኙት በጣም ጥቂት ነው። ነጻ መኖሪያቸውም መጋቢት 2009 ላይ ተቋረጠ። እንዲህ ያለው መከራ እኛ ዘንድ ቢመጣ እድራችን ማንን ይርዳ? እኔ ሁለቱንም እኩል ነው የምለው።

ከቡሬ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት አልስማማም። የእድር ገንዘብ ከድሃ ኪስ የወጣ ነው። "ፈራሁ" ላለ ሁሉ ከተሰጠ በእውነት ቤት የሌለው ጾሙን ያድራል። ደግሞም ካሳ የኩባንያውና የመንግሥት ዕዳ ነው። እኛ በሸፈንንላቸው ቁጥር እነሱ እጃቸውን ይሰበስባሉ። የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እኮ ሰኔ 10 ቀን 2014 ዓ.ም. መንግሥትን ተጠያቂ አይደለም ብሎታል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ዕዳው የማን እንደሆነ አልተጣላንም፣ ወንድሜ። ዕዳው እስኪከፈል ማን ያብላቸው? ቴፕኮ የሚባለው ያው የማመንጫው ኩባንያ በመጀመሪያው ዓመት ተጎጂዎች እንዲሞሉት ያቀረበው የካሳ ማመልከቻ 60 ገጽ ገደማ ነበር፤ አሞላሉን የሚያስረዳው ደግሞ ከ150 ገጽ በላይ። ከማመንጫው አጠገብ ያለችው የፉታባ ከተማ ሰዎች ከነማዘጋጃ ቤታቸው ተሰደው ሳይታማ የሚባል ሌላ የጃፓን ክፍለ ሀገር ሲገቡ መጀመሪያ በአንድ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ፣ ቀጥሎ በተዘጋ ትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ ነው የተኙት። እዚያ ወለል ላይ የተኛ ሽማግሌ ያን ሁሉ ገጽ ይሙላ? በፉኩሺማ እኮ ማዕበሉ ከገደለው ሰው ይልቅ የስደቱ ጣጣ፣ ድካሙና ሕመሙ፣ የገደለው ይበልጣል፤ ከ2,300 በላይ ተመዝግቧል።

ከዳንግላ፦ ገንዘብ ብቻ አታስቡ። ኩባ ራሷ ችግር ላይ እያለች ከ1982 ዓ.ም. ጀምራ ለ20 ዓመት ያህል፣ ታራራ በሚባል የባሕር ዳርቻ፣ የቼርኖቤል የኒውክሌር አደጋ የነካቸውን ከ20 ሺህ በላይ ልጆች አስታማለች።

ከቻግኒ፦ ልጄ የቡሬው፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ። ከመተከል የተፈናቀለው ወገናችን እኛ ጋ ሲመጣ ሁሉም መጠለያ አልገባም። ጎረቤቴ ሁለት ቤተሰብ አስገብታ፣ ባላት አንድ ምጣድ ሌሊት ተነስታ ለሁሉም ትጋግር ነበር፤ ሲነጋ ሊጡ አልቆ እሷ ገና አልቀመሰችም። እህል ሲታደል እነዚያ ሰዎች "መንደራችሁ ሳይነካ ቀድማችሁ ወጥታችኋል" ተብለው ከመዝገብ ቀሩ። በሳምንቱ መንደሩ ተቃጠለ! ቀድመው መሸሻቸው ነው ልጆቻቸውን ያተረፈው፤ እሱው ራሱ ጥፋት ሆነባቸው። ማንም ሰው ላሙንና የደረሰ ማሳውን ጥሎ በዋዛ አይወጣም።

ደግሞ ነገሩ በእህል አያበቃም። ዮኮሃማ በምትባል የጃፓን ከተማ ከፉኩሺማ በራሳቸው ፈቃድ የሸሹ ቤተሰብ ልጅ በትምህርት ቤት ልጆች "ጀርም" እየተባለ ተሰቃይቷል፤ "ካሳ በልታችኋል" እያሉም ገንዘብ አስወጥተውታል። ተፈናቃይን ከተፈናቃይ ሲለዩት ልጆች እንኳ ይህን ይማራሉ።

ከቡሬ፦ እትዬ፣ የጎረቤትዎ ነገር አንጀቴን በላው። እሷንም እድሩ ሊደግፋት ይገባ ነበር፤ ተቀባዩም ተጎጂ ነው። ግን አሁንም መስፈርት ያስፈልጋል እላለሁ። ማን ነው የሚያጣራው?

ከደብረ ማርቆስ፦ አብሮት የወጣ የመንደሩ ሰው ይመስክርለት። ሁለት ምስክር ካለው ወረቀት አይጠየቅ። እህሉም ለስደተኛው ብቻ ሳይሆን ለአስጠጋው ቤት በነፍስ ወከፍ ይሰፈር።

ከቡሬ፦ ምስክሩን እቀበላለሁ። ግን የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ካለፉ በኋላ እንደገና ይታይ፤ የካሳ ጥያቄያቸውንም እድሩ በጽሑፍ ያግዛቸው፣ ዕዳው እንዳይረሳ።

ከቻግኒ፦ ስድስት ወር አይበቃም። የፉታባ ሰዎች እኮ ለመኖሪያ የተፈቀደላቸው ከ11 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያውም ለከተማዋ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። እኔ "ቤታቸው እስኪገቡ ወይም ሌላ ቤት እስኪሠሩ" ተብሎ ይጻፍ ባይ ነኝ።