የደሴው ሱቅና የኮምቦልቻው መጋዘን ሶፍትዌሮች እንዴት ይገናኙ?

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የግንባታ ዕቃ አከፋፋዮች ነን። መጋዘናችን ኮምቦልቻ፣ ሱቃችን ደሴ ፒያሳ ነው። ሱቁ የሽያጭ ሶፍትዌር አለው፤ መጋዘኑ ደግሞ ከሌላ ሻጭ የተገዛ የዕቃ መቆጣጠሪያ ይጠቀማል። ሂሳቡ ፒችትሪ በሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር ይሠራል። ሦስቱ ስለማይገናኙ ሠራተኛችን ማታ ማታ የሱቁን ደረሰኝ እያየች መጋዘኑ ላይ እንደገና ትመዘግባለች። በቅርቡ አንድ ደንበኛ ደሴ ላይ የ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ከፍሎ፣ መኪና ተከራይቶ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። መጋዘኑ ውስጥ አንድም አልነበረም። ሁሉንም ጥላችሁ አዲስ ግዙ የሚሉን አሉ። ያለንን ማገናኘት አይቻልም?

ፕሮግራም ሠሪ፣ ደሴ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይቻላል፤ ለመጣል አትቸኩሉ። የምትፈልጉት ዌብ ሰርቪስ ነው። የሱቁ ሶፍትዌር በኢንተርኔት «የዚህ ዕቃ ቀሪ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የመጋዘኑ ይመልሳል። አንዱ በጃቫ፣ ሌላው በፒኤችፒ ቢጻፍም ችግር የለውም፤ መስማማት ያለባቸው በመልእክቱ አጻጻፍ ላይ ብቻ ነው። የቆዩት ሶፕ በሚባለው ደንብ፣ ኤክስኤምኤል በተባለ አጻጻፍ ይላላካሉ፤ አዲሶቹ አብዛኛውን ጊዜ ሬስት በሚባለው ስልት፣ ጄሰን የተባለ አጻጻፍ ይጠቀማሉ። ሻጮቹን «ኤፒአይ አለው? ሰነዱን ስጡን» በሏቸው፤ ኤፒአይ ማለት ሌላ ሶፍትዌር መጥቶ የሚጠይቅበት በር ነው። አለ ብለው ሰነዱን ካላሳዩ እንደሌለ ቁጠሩት።

የሂሳብ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦ ከፒችትሪ የቆዩ እትሞች ዌብ ሰርቪስ አትጠብቁ፤ ኮምፒውተር ላይ ተጭነው የሚሠሩ ናቸው። የሲኤስቪ ፋይል (በነጠላ ሰረዝ የተለያየ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ግን ይቀበላሉ። ለሂሳብ የቀኑን ሽያጭ ማታ በፋይል ማስገባት ይበቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ የዕቃ መለያችሁ ነው። ሱቁ «ብረት 12»፣ መጋዘኑ «ፌሮ 12 ሚሜ» ብሎ ከመዘገበ ለሶፍትዌሩ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። መለኪያውንም እዩት። ሱቁ በቤርጋ ሸጦ መጋዘኑ በኩንታል የሚመዘግብ ከሆነ፣ 12 ሜትር የሚረዝም አንድ ቤርጋ የ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ወደ 10.66 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። ይህ ሳይስተካከል ብትገናኙ የተሳሳተው ቁጥር በፍጥነት ይተላለፋል እንጂ ቀሪው አይገጥምም።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። ኔትወርክ ሲጠፋስ? ሱቁ ሥራ ይፈታል?

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ደሴ፦ መፍታት የለበትም። ሱቁ ሽያጩን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይመዝግብ፤ ያልተላከው ተራ ይዞ ይቆይና ኔትወርክ ሲመለስ ይላክ። አንድ ነገር አደራ፦ መልእክቱ መጋዘን ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ሱቁ አልደረሰም ብሎ ይደግመዋል፤ 40 ቤርጋ የተሸጠው 80 ሆኖ ይቀነሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ መልእክት የደረሰኙን ቁጥር ይያዝ፤ መጋዘኑ ያንን ቁጥር አስቀድሞ ተቀብሎ ከሆነ ዳግም አይቀንስ። ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ደግሞ ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ወደ መጋዘን ደውሉ።

ፕሮግራም ሠሪ፣ ደሴ፦ ልጨምር። ለማቅለል ብሎ መረጃው የተከማቸበትን ዳታቤዝ በቀጥታ ለኢንተርኔት ክፍት የሚያደርግ ባለሙያ ከመጣ አሰናብቱት። ግንኙነቱ መልእክቱን መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነበው በሚያመሰጥረው በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ይሁን። ለሱቁ የሚሰጠው የመግቢያ ቁልፍም ቀሪ ከማየትና ሽያጭ ከመመዝገብ በስተቀር ሌላ ነገር አይፍቀድ።

ጠያቂ፦ ለመጋዘኑ ሶፍትዌር ሻጭ ደውለን ኤፒአይ አለው ብለውናል፤ ሰነዱን ጠይቀናል። የሱቁ ሻጭ ገና አልመለሰልንም። እስከዚያው የዕቃ መለያውን ከፌሮና ከሲሚንቶ ጀምረን እናስተካክላለን።