የወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ፦ ጡጦ ወይስ ስኒ?

ጠያቂዋ፦ እህቶቼ፣ ሥራ ልመለስ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ልጄ ሁለት ወር አልፎታል፣ ከጡት ሌላ አፉ የገባ ነገር የለም። እናቴ «ካሁኑ ጡጦ አስለምጂው፣ ኋላ አልይዝም ይልሻል» ትላለች። ጤና ጣቢያ ደግሞ «ጡጦ አታሳዪው» አሉኝ። ማንን ልስማ?

አዋላጅ ነርስ፦ ጤና ጣቢያውን ስሚ። የምንፈራው ጡጦውን ነው። ጫፉና አንገቱ ሥር የወተት ቅሪት ይደብቃል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየጊዜው አጥቦ መቀቀል የሚችል ስንት ሰው አለ? ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። የጡትሽ ወተት ታልቦ በስኒ ይሰጠው። ልጁን ቀና አድርጎ ይዞ፣ ስኒውን ታችኛው ከንፈሩ ላይ አስደግፎ፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካው ብቻ ማዘንበል ነው። አፉ ውስጥ አይፈስስም፣ ራሱ እየላሰ ይጠጣዋል። ያለጊዜያቸው የተወለዱትም በስኒ ይመገባሉ።

የሦስት ልጆች እናት፦ ሲስተር፣ ያልሽው እውነት ነው። ግን ስኒውን የምትይዘው እናትየዋ አይደለችም፣ ሞግዚቷ ናት። የመጀመሪያ ልጄን በስኒ ብዬ ሥራ ገባሁ። ሌሊት ተነስቼ ያለብኩት ወተት ማታ ስመለስ ግማሹ ልብሱ ላይ ደርቆ አገኘዋለሁ። ልጅቷ ቢጨንቃት ሳትነግረኝ የዱቄት ወተት መበጥበጥ ጀመረች። አልፈርድባትም፣ ልጅ እያለቀሰባት ነው። ሁለተኛውን በሁለት ወሩ ጡጦ አስለመድኩት፤ ጡቴንም ዓመት ከስምንት ወር ጠባ። ከእኔ እጅ እንቢ ብሎ ነበር። እኔ ከቤት ወጥቼ፣ በጣም ሳይርበው አባቱ ሲሰጠው ያዘ። ቀስ ብሎ የሚያፈስ ጫፍ ምረጪ፤ ጡጦውን አጋድሞ እየያዘ በየመሃሉ ያሳርፈው። ወተቱ ከወረደለት ጡት መሳብ ይሰንፋል።

አንድ አባት፦ ስድስት ወር ጡት ብቻ የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅትን ምክር ሁላችንም እንቀበላለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ግን ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው። ልዩነቱን እናት ብቻዋን ትሙላው? የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ 1064 ተደንግጎ ነበር። የግል ድርጅት ውስጥ የምትሠራዋስ? ባለቤቴ ደረቷ አግቶ፣ ልብሷ ርሶ ስትመለስ አይቻለሁ። እኔ መከራከር የምፈልገው ስለዚህ ነው።

አዋላጅ ነርስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። እህቴም ስለ ሞግዚቷ የነገረችን ልቤን ነክቶታል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍም በ2018 እ.ኤ.አ. «ጡጦ አትስጡ» የሚለውን መመሪያቸውን «ስለ አጠቃቀሙና ጉዳቱ እናቶችን ምከሩ» ወደሚል ቀይረውታል። ስለዚህ እናት ጡጦ መረጠች ብዬ አልቆጣም። ውሃና ማገዶ ካለ፣ የሚቀቅልም ሰው ካለ ይሁን። እነዚህ በሌሉበት ቤት ግን አሁንም ስኒ እላለሁ። የታለበው ወተት ክፍሉ ካልሞቀ ውጭ ከታለበ በኋላ ቢበዛ ለአራት ሰዓት ያህል፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በአራቱ ቀን አትተማመኑ። ልጁ ጠጥቶ ያስተረፈው ለማታ አይቀመጥም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ሞግዚቷን ካሁኑ አስገቢያት። ሥራ ልትገቢ በዋዜማው የመጣች ልጅ ስኒም ጡጦም አትችልም።

ጠያቂዋ፦ ሞግዚቷ ቅዳሜ ትመጣለች። እኔ ጎረቤት ሄጄ እናቴና እሷ በስኒ ይሞክሩ፤ ሳምንቱን አይቼ ካልሆነ ጡጦ እገዛለሁ። ሰኞ አለቃዬ ጋ ደውዬ የማልብበት በሩ የሚዘጋ ክፍል እጠይቃለሁ። ሽንት ቤት ውስጥ ግን ለልጄ የሚጠጣ ወተት አላልብም።